ስለ ሴቶች ልጆች ትምህርትና ወደ ዓረብ አገር ስለሚደረገው ስደት

ሐኪም በሽታውን ሳይመረምር መድኃኒት ቢሰጥ፥ ዳኛም ምስክር ሳይሰማ ቢፈርድ፥ የሁለቱም አሳብ ቅን ቢሆን እንኳ ሥራቸው ጉዳት ከማምጣት አይድንም። ሕግ ለሚያወጣ መንግሥትም ነገሩ እንደዚሁ ነው። የሕዝቡን ኑሮ፥ የችግሩን ምንጭና የሚመጣውን ውጤት አስቀድሞ ያልመረመረ ሕግ፥ ቃሉ ያማረ ቢሆንም ፍሬው መራራ ይሆናል። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ የተናገሩት ሳይማር ለሚጠመጥም ካህን ብቻ አይደለም፤ ሳይመረምር ለሚያዝዝ ሹምም ጭምር ነው።

ይህን ምሳሌ ዛሬ ለማሰብ ግድ የሚል አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። ይኸውም የኢትዮጵያ ሴቶች ልጆች ትምህርት፥ ጋብቻና ስደት ነው። ሲያዩት ሦስት ጉዳይ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን አንድ ነው። በአንዲት የገጠር ቀበሌ ትምህርቷን ከአምስተኛ ወይም ከስድስተኛ ክፍል የተወች ልጅ በትምህርት ሚኒስቴር መዝገብ «ያቋረጠች» ተብላ ትጻፋለች። ያችው ልጅ ዕድሜዋ ሳይደርስ የተዳረች እንደ ሆነ በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ዘንድ ትቈጠራለች። ከባሏ ተለይታ፥ ከተማ ገብታ፥ በሰው ቤት ካገለገለች በኋላ ወደ ዓረብ አገር የሄደች እንደ ሆነ ደግሞ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መዝገብ «በውጭ አገር ሥራ የተሰማራች» ትባላለች። በመጨረሻም ታማ ወይም ተባርራ በአውሮፕላን ስትመለስ «ተመላሽ» የሚል ሌላ ስም ይሰጣታል። ስሙ አራት ነው፤ ልጅቱ ግን አንዲት ናት። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ክፍል ጠንቅቆ ቢያውቅ እንኳ፥ የልጅቱን ጠቅላላ ሕይወት የሚያስነብብ መዝገብ ከሌለ፥ ለእርሷ የሚታሰበው ሕግ ሁሉ በአንድ ወገን ሲደፍን በሌላው ወገን የሚያፈስ ይሆናል።

ኢትዮጵያ ስለ ሴቶች ልጆች ትምህርት ማሰብ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1908 ሲከፍቱ የተሰበሰቡት ተማሪዎች ወንዶች ነበሩ። ከ23 ዓመት በኋላ በ1931 እቴጌ መነን የሴቶች ልጆችን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በዚያ ዘመን «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በየቤቱ ይሰማ ስለ ነበር፥ ልጁን ለትምህርት የሰጠ አባት ከጎረቤቱ ሐሜት አይድንም ነበር። ነገር ግን ተረቱን ራሱ ጊዜ አፈረሰው። በአውሮጳ ተምረው የተመለሱት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነንን ትምህርት ቤት መሩ፤ በ1957ም በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት ሆኑ።

ከዚህ የሚታየው፥ ሴት ልጅ ከአገሯ ወጥታ ባሕር መሻገሯ በራሱ ክፉ ነገር አለመሆኑን ነው። ንግሥተ ሳባም ጥበብን ለመስማት ሩቅ መንገድ መሄዷ በመጻሕፍት የሚነገር ክብሯ ነው እንጂ ነውሯ አይደለም። ክፉው ነገር ልጅቱ ወዴት እንደምትሄድ፥ በምን ውል እንደምትሠራና ብትበደል ወደ ማን እንደምትጮህ ሳታውቅ፥ ዕድሜዋም በሐሰት ተጨምሮ፥ በደላላ እጅ እንደ ዕቃ መተላለፏ ነው። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የተባለው የደላላው ቃል በውኑ እንደዚህ ነው።

እንግዲህ ስለዚህ ጉዳይ የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ምን ይላል ብሎ መጠየቅ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ በሙሉ የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንደ ገለጠው፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች መካከል ከመቶው 48 ያህሉ ትምህርት ቤት ፈጽሞ ያልገቡ ነበሩ፤ በወንዶች በኩል ግን ይህ ቍጥር 28 ነበር። ያው ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ሳይሞላቸው እንዳገቡ አሳይቷል። የወንዶቹ እኩሌታ ግን ያገባው ወደ 24 ዓመት ከቀረበ በኋላ ነው። በዚህ መካከል ያለው የስድስት ዓመት ተኩል ልዩነት የቍጥር ብቻ አይደለም። ወንዱ በነዚያ ዓመታት ሲማር፥ ሲነግድ፥ ሲሠራ፥ ሴቲቱ ውሃ ስትቀዳና ልጅ ስትወልድ የምታሳልፋቸው ዓመታት ናቸው።

ሕጉ ግን ያን ጊዜ ቆሞ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ወደ 18 ዓመት አሳድጎ ሴትንና ወንድን እኩል አደረገ። ይህ መልካም ሕግ ከወጣ ከ16 ዓመት በኋላ የተደረገው ጥናት ልማዱ ገና እንዳልጠፋ ነገረ። ስለዚህ ጽሕፈቱ ብቻውን ልጅቱን አላዳናትም ማለት ነው። ታዲያ ምን ያድናታል?

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ የመጣው ከትምህርት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እስከ አሥረኛ ክፍል ክፍያ አስቀርቶ፥ በአንደኛ ደረጃም ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት የገቡትን ልጃገረዶች ከዚያ በፊት ከነበሩት ጋራ ያነጻጸሩ ሊቃውንት፥ አንዲት ልጅ አንድ ዓመት ጨምራ በተማረች ቍጥር ሃያ ዓመት ሳይሞላት የመውለዷ ነገር ከመቶው በ7 ያህል እንደሚቀንስ አግኝተዋል። አንድ ዓመት ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን በአንድ መንደር ካሉት መቶ ልጃገረዶች ሰባቱ በልጅነታቸው ከመውለድ ቢድኑ፥ የሰባት ቤት ታሪክ ተለወጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከጎጃም ነው። በአማራ ክልል በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በሚባል ቀበሌ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሥራ ተሠራ። ሥራው ረቂቅ አልነበረም። ለተማሪዎቹ ደብተርና እርሳስ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤት ያልገቡት በመምህርት መሪነት በቡድን ይሰበሰባሉ፤ የመንደሩ ሽማግሌዎችና ወላጆች ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ይወያያሉ፤ ልጁን ሳይድር ሁለቱን ዓመት የፈጸመ ቤተሰብም አንዲት ፍየል ይቀበላል። ከዚያም ይህ ቀበሌ ሥራው ካልተሠራበት ከሌላ ቀበሌ ጋራ ተነጻጸረ። ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው የሞሰቦ ልጃገረዶች በዚያኛው ቀበሌ ካሉት እኩዮቻቸው ይልቅ በትምህርት ቤት የጸኑ፥ ከጋብቻም የራቁ ሆነው ተገኙ።

ነገር ግን እውነተኛ ጥናት ደስ የሚያሰኘውን ብቻ አይናገርም። በዚያው ቀበሌ ከ15 እስከ 19 ዓመት በሆናቸው ዘንድ ጋብቻው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከፍ ብሎ ታየ። ከዚህ የሚገኘው ምክር ግልጽ ነው። እርዳታው ልጅቱ አሥር ዓመት ሲሆናት ሊደርስላት ይገባል፤ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሠርጉ ከተደገሰ በኋላ የሚመጣ እርዳታ ዘግይቷል። ይህን መንግሥት በግምት ሊያውቀው አይችልም ነበር። ያወቀው ስለ ተመረመረ ብቻ ነው። ለዚህም የወጣው ዋጋ አንድ ፍየልና ጥቂት ደብተር ነበረ።

ሦስተኛው መልስ ሕፃናትን ከዓመት ወደ ዓመት ከሚከተል ጥናት የተገኘ ሥርዓት ነው። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ በሃያ ሥፍራ ያሉ 3,000 ልጆችን መዝግቦ፥ እነዚያኑ ልጆች በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሰ ጠይቋል። ሕፃን ሳለች የተመዘገበችው ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ፥ ስትወጣ፥ ስትዳር፥ ከተማ ስትሄድ መዝገቡ ይከተላታል። መሥሪያ ቤቶች በአራት ስም የሚጽፏትን ልጅ ይህ ጥናት በአንድ ስም ያውቃታል። እንዲህ ያለው መዝገብ ለ3,000 ልጆች ከተቻለ፥ በየወረዳው ለሚገኙ ልጃገረዶች አሠራሩን መከተል የማይቻል ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ስለ ስደቱ መናገር ይገባል። ማሪና ደ ሬክትና ባልደረቦቿ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ወጣት ስደተኛ ሴቶችን ጠይቀው እንደ ጻፉት፥ ከገጠር ወጥተው ከተማ ከገቡት ልጃገረዶች ብዙዎቹ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሸሹ፥ ወይም ትዳራቸው ፈርሶ የወጡ፥ ወላጆቻቸውንም ለመርዳት የሚሹ ነበሩ። በከተማ በሰው ቤት ማገልገል ለብዙዎቹ ወደ ዓረብ አገር የሚያደርስ የመጀመሪያው ደረጃ ሆነ። ስለዚህ ወደ ቤይሩትና ወደ ሪያድ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አይደለም። የሚጀምረው በአንዲት ቀበሌ ወላጅ ልጁን ከትምህርት ቤት ካስቀረበት ቀን ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ብቻ የሚቆም ሕግ ወንዙን ከመፍለቂያው ሳይሆን ከመግቢያው ለመገደብ የሚደክም ነው።

ይህንም ያለፉት ዓመታት ታሪክ አስረድቷል። በ2004 ዓ.ም. ብቻ በሕጋዊ መንገድ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሄዱት ሰዎች ከመቶ ሺሕ ይበልጡ ነበር፤ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። በዚያ የደረሰው በደል እየተሰማ በሄደ ጊዜ መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለቤት ሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ ከለከለ። በዚያው ወራት ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማባረር ስለ ጀመረች፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ያን ሁሉ ሰው ተቀብሎ ወደ ቤቱ ማድረስ ለመንግሥትና ለሕዝብ ትልቅ ድካም ነበር፤ ሆኖም ተፈጸመ።

የእገዳው አሳብ አባታዊ እንደ ነበረ የሚክድ የለም። ልጁ ወደ ገደል ስትሮጥ የሚያይ አባት እጇን ይይዛልና። ዳሩ ግን ሕጋዊው በር ሲዘጋ ችግሩ ከልጅቱ ቤት አልወጣም። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ሲቆይ፥ በኦቦክና በቦሳሶ ባሕር ዳር፥ በመተማም በኩል በበረሃ የሚደረገው ጉዞ አልቀረም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2016 የመን በጦርነት ስትነድድ ሳለች እንኳ ወደ እርሷ በባሕር የተሻገሩት ሰዎች ከ100,000 በልጠው ተቈጠሩ፤ ከነዚህም የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በሕጋዊው መንገድ የሄደች ሴት ቢያንስ ስሟ በመዝገብ፥ ውሏ በኤምባሲ ይገኝ ነበር። በበረሃው የሄደችው ግን ብትሞት እንኳ የሞተችበትን ቀን ዘመዶቿ አያውቁም።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 923 ከእገዳው ወደ ሥርዓት ለመመለስ የተደከመበት ሕግ ነበር። ለጉዞው 18 ዓመት መሙላትን፥ የስምንተኛ ክፍል ትምህርትን፥ የሙያ ብቃት ማረጋገጫንና ከተቀባዩ አገር ጋራ የሚደረግ ስምምነትን ጠየቀ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ አዋጅ ተሻሻለ። በዚህ ሕግ ላይ ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን «ያልተማረች ሴት በባዕድ አገር ትጠቃለች፤ ስለዚህ ያልተማረችውን ማስቀረት ይገባል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ትምህርት ያላገኘችው ድኻዋ ናት፤ ትምህርት ነፍገን፥ ስለ አልተማርሽ አትሄጂም ብንላት ሁለት ጊዜ መበደል ነው» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ ክርክሩን የሚፈታው ግን የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ትምህርት በልጅቱ ቀበሌ በአሥር ዓመቷ የሚሰጥ መብት ሲሆን ይጠብቃታል። በሃያ ዓመቷ በአውሮፕላን ማረፊያ የሚጠየቅ ወረቀት ብቻ ሲሆን ግን፥ ደላላ የሚሸጠው ሸቀጥ ከመሆን አይርቅም። ወረቀት የሚጠይቅ ሕግ ወረቀት ያገኛል፤ ዕውቀትን የሚያገኘው ዕውቀትን የሰጠ ሕግ ነው።

ደግሞም «ልጃገረዶቹ ቢማሩ ከአገር መውጣት ይቀራል» ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሹም ቢኖር፥ ተስፋው ግማሹ ብቻ ትክክል ነው። አሥር ዓመት የተማረች ልጅ በወረዳዋ ሥራ ካጣች፥ ካልተማረችው ይልቅ የሩቁን አገር ዜና ታነባለች፤ ለመሄድም ትመኛለች። ትምህርት የልጅቱን ዓይን ይከፍታል እንጂ የእግሯን መንገድ አይዘጋም። ስለዚህ የትምህርት ጥቅም የሚለካው ስንቷን አስቀረ ተብሎ ብቻ ሳይሆን፥ የሄደችው አውቃ ሄደች ወይ፥ የቀረችውስ የምትኖርበትን አገኘች ወይ ተብሎ ነው። በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ለሳዑዲ ዓረቢያ ሥራ ብዙ ሴቶችን መመዝገብና ማሠልጠን ሲጀምር፥ ይህ ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። አሁን የሚላከው በመንግሥት እጅ ነውና ተጠያቂነቱም የመንግሥት ነው።

አውቃ መሄድ ማለት ምን እንደ ሆነ ካህናት ከማንም ይልቅ ሊያስረዱ ይችላሉ። የሕንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን መጽሐፍ ሲያነብ ሳለ፥ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ፊልጶስ ጠየቀው። ያ ታላቅ ሹም ማንበብ ይችል ነበር፤ ነገር ግን የሚመራው አስፈለገው። በማታውቀው በዓረብ ቋንቋ በተጻፈ ውል ላይ ጣቷን ቀለም ነክራ የምታትም የገጠር ልጅስ ምንኛ ይልቅ መሪ ያስፈልጋታል? ደመወዟ ስንት ነው? ፓስፖርቷን የሚይዘው ማን ነው? የዕረፍት ቀን አላት? ወደ ቤተሰቧ መደወል ትችላለች? ወደ ኤምባሲው የሚያደርሳት ቍጥር የትኛው ነው? ይህን በአማርኛ፥ በኦሮምኛ ወይም በሌላ በምታውቀው ቋንቋ ተነግሯት ሳትመልስ፥ ውሉን አውቃ ፈረመች ሊባል አይገባም።

በተቀባዮቹ አገሮች ያለውም ሥርዓት ከባድ ነው። «ከፋላ» በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዪቱ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ስለ ሆነ፥ ክፉ አሠሪን ትታ የወጣች ሴት ወዲያውኑ ሕገ ወጥ ሆና ትቈጠራለች። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አደረጋቸው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው በወደቀ ጊዜ፥ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት በቆንስላው ደጃፍ ጥለው ሲሄዱ ዓለም ሁሉ አየ። ይህ በአሠሪው ክፋት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሕግ ያልጠበቃትን ሴት መጣል ቀላል ስለ ሆነ ነው። ሩት ሞዓባዊት በቤተ ልሔም በባዕድ እርሻ ቃርሚያ ስትለቅም በሰላም የተመለሰችው ቦዔዝ ደግ ሰው ስለ ነበረ ብቻ አልነበረም። ቃርሚያው ለመጻተኛና ለመበለት እንዲተው አስቀድሞ በሕግ ተጽፎ ስለ ነበረ ጭምር ነው። የሚመካበት ሕግ ሲኖር ደግ ሰው ደግነቱን ይሠራል፤ ክፉውም ይፈራል።

ሌሎች አገሮች ለዜጎቻቸው እንዲህ ያለ ሕግ ሲሠሩ ታይተዋል። ፊሊፒንስ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1995 በውጭ አገር ለሚሠሩ ዜጎቿ ሕግ አወጣች። በ2006 ደግሞ ለቤት ሠራተኞች የወር ደመወዝ ከ400 የአሜሪካ ዶላር እንዳያንስ፥ ሠራተኛዪቱም ለላኪው ድርጅት የማስቀጠሪያ ገንዘብ እንዳትከፍል ወሰነች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ስምምነት ቍጥር 189ን አጸደቀ። ውል ለመዋዋል የሚቀመጥ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ባዶ እጁን እንዳይቀርብ፥ ምን ያህል ሴቶች፥ በየትኛው ከተማ፥ በምን ደመወዝ፥ በምን በደል እንደሚኖሩ የሚያስረዳ የተመረመረ ቃል በእጁ ሊኖር ይገባል። ቍጥር የሌለው ተደራዳሪ ልመና እንጂ ድርድር አያውቅም።

የዓረብ አገር መንግሥታትም ሊዘነጉት የማይገባ የቆየ ታሪክ አለ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ615 ገደማ በመካ የተሰደዱ ሰዎች ባሕሩን ተሻግረው ወደ አክሱም መጡ። ከነርሱም መካከል የነቢዩ መሐመድ ልጅ ሩቅያ እንደ ነበረች በእስልምና ታሪክ ተጽፏል። የመካ መልእክተኞች እጅ መንሻ ይዘው ስደተኞቹን አሳልፈህ ስጠን ባሉት ጊዜ፥ የአክሱም ንጉሥ ወዲያው አልፈረደም። ስደተኞቹን አስጠርቶ ቃላቸውን ሰማ፥ መረመረ፥ ከዚያም በኋላ እጅ መንሻውን መልሶ በአገሩ በሰላም አኖራቸው። ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ መንገዱ ብቻ ተገላበጠ። ኢትዮጵያ ይህን ስታስታውስ ውለታ ለመጠየቅ ሳይሆን፥ የጥንቱ ንጉሥ ያደረገውን ፍርድ ልጆቿም እንዲያገኙ ነው። ያም ፍርድ ከመስማት ጀመረ።

አሁን ለሹማምንቱም ለካህናቱም የሚቀረው ሥራ ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። የመጀመሪያው ዕድሜን ማወቅ ነው። ዕድሜ ሳይታወቅ የጋብቻም ሆነ የጉዞ ሕግ ሊጸና አይችልም። የልደት፥ የጋብቻና የሞት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ሥራው በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚያ ዓመት የተደረገው ጥናት አምስት ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶው 3 ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ አሳይቷል። በዚያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ልጃገረዶች ዛሬ የትዳርና የስደት ወሬ የሚወራላቸው ልጆች ናቸው። የአሥራ አምስት ዓመቷን ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው ብሎ ለሚያስጽፍ ደላላ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም።

በዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት መዝገብ በፊት የቆመ ምስክር አላት። ሴት ልጅ በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ቀኑን ካህኑ ያውቃል፥ የክርስትና እናቷ ታውቃለች፥ ጎረቤቱም ያስታውሳል። ይህ ቀን በየደብሩ በመዝገብ ቢጻፍና ግልባጩ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቢሰጥ፥ የልጅቱን ዕድሜ የሚሰርቅ ሰው የሚክደው አንድ ጸሐፊን ብቻ ሳይሆን አንድ አጥቢያን ይሆናል። ለተክሊልና ለሥጋ ወደሙ የሚቀርቡትን ሙሽሮች የሚቀበል ካህንም መዝገቡን ገልጦ ማየት አይቸግረውም። የንስሐ አባትም የኑዛዜውን ምስጢር ሳይገልጥ፥ ልጁን ከትምህርት ሊያስቀር ወይም ለደላላ ሊሰጥ ያሰበውን አባት ሊመክርና ሊገሥጽ ይችላል። ከወሎ፥ ከጅማና ከአርሲ ከሚሄዱት ሴቶች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ስለ ሆኑ፥ የእስልምና ሃይማኖት አባቶችም በዚህ ሥራ እኩል ድርሻ አላቸው።

ሁለተኛው ሥራ የመሥሪያ ቤቶቹ ነው። የትምህርት፥ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ፥ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴሮች መዝገቦቻቸውን በወረዳ ደረጃ እያገናኙ፥ ትምህርቷን የተወች ልጅ ከተወችበት ወር ጀምሮ እንድትታወቅ ማድረግ ይገባቸዋል። ዓመቱ ካለቀ በኋላ በሪፖርት የምትገኝ ልጅ የተገኘች አይደለችም፤ የጠፋችበት ቀን የተጻፈላት ብቻ ናት። ከዓረብ አገር የተመለሱት ሴቶችም በአውሮፕላን ማረፊያ ብርድ ልብስና የመኪና መሳፈሪያ ተሰጥቷቸው ከመሰናበታቸው በፊት በደንብ ይጠየቁ። ማን እንደ ላካቸው፥ ስንት እንደ ከፈሉ፥ ምን እንደ ደረሰባቸው፥ ምን ሙያ እንደ ያዙ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከነርሱ የበለጠ መምህር በዚህ ጉዳይ አይገኝም። የተናገሩትም ቃል ስማቸው ተሰውሮ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለሕዝብ እንደራሴዎች ይቅረብ እንጂ በሣጥን አይቆለፍ።

ሦስተኛው ሥራ የሕግ አወጣጥ ሥርዓት ነው። ከእንግዲህ ስለ ሴቶች ልጆች የሚወጣ አዋጅ ሁሉ፥ እገዳም ሆነ ፈቃድ፥ አስቀድሞ የተደረገውን ጥናት ከረቂቁ ጋራ ቢያቀርብ፥ ከወጣም በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውጤቱ ተመርምሮ ለፓርላማ ቢነገር፥ መንግሥት ስሕተቱን በጊዜ የሚያርምበት መንገድ ያገኛል። የ2006ቱ እገዳ በሁለተኛው ዓመቱ ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ፥ ለተጨማሪ ዓመታት በበረሃ የተጓዙት ሰዎች ጩኸት ፈጥኖ በተሰማ ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ምርመራ ገንዘብና ጊዜ ያባክናል፤ ችግሩ አስቸኳይ ነው» ይል ይሆናል። ችግሩ አስቸኳይ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ያልተመረመረው ሕግ ያስከተለው ወጪ ከምርመራው ወጪ እጅግ የሚበልጥ መሆኑን ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። ከመቶ ሺሕ በላይ ሰው በአውሮፕላን መመለስ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚፈጅ የሚያስብ ሰው፥ በሞሰቦ የተሰጠችው ፍየል ውድ ናት ሊል አይችልም።

ሹም በመንበሩ፥ ካህንም በደብሩ የተቀመጠው ስለ ደካማው እንዲያስብ ነው። የአሥር ዓመቷ ልጅ ዛሬ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት መሄድዋንና አለመሄድዋን የሚጠይቅ ሹም፥ ነገ በባዕድ አገር እስር ቤት ስላለች ሴት ደብዳቤ ከመጻፍ ይድናል። ዕድሜዋን በመዝገብ የጻፈ ካህንም ያለ ዕድሜዋ የተዳረችውን፥ ወይም አድራሻዋ የጠፋውን ልጅ እናት ከማጽናናት ያርፋል። የኢትዮጵያ አምላክ ለሹማምንቱ መርምሮ የማዘዝን፥ ለካህናቱም አውቆ የመምከርን ልቡና ይስጥ፤ በባዕድ አገር ያሉትንም ሴቶች ልጆች በሰላም ይጠብቅ።